ዕቃ የጠበቀችው ድርሻዋ



ዛሬ አዳማ ተብላ የምትጠራው ከተማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጌታችን ባደገባት ከተማ ስም ናዝሬት ተብላ ነበር፤ የቀድሞ ስምዋም በ1992 ዓ.ም. ተመልሶላታል። ሽማግሌዎቹ ግን እስከ ዛሬ ናዝሬት ማለትን አልተዉም። እኛም በዚያች ከተማና በሞጆ፥ በመቂና በዝዋይ በኩል ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስናስተምር፥ ስለ ገሊላዪቱ ናዝሬት የተጻፈ አንድ ነገር ዘወትር ትዝ ይለናል። የዚያች ከተማ ሰዎች ጌታችን በምኵራብ ሲያነብ በሰሙት ጊዜ በመጀመሪያ ተደንቀው ነበር፤ ከቃሉም ጸጋ የተነሣ እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ነበር። ተቈጥተው ከተራራው አፋፍ ሊጥሉት የወሰዱት ግን በኤልያስ ዘመን ስለ ነበሩት መበለቶች በነገራቸው ጊዜ ነው፤ በእስራኤል ብዙ መበለቶች ሳሉ ነቢዩ የተላከው በባዕድ አገር ወዳለችው ወደ ሰራፕታዪቱ መሆኑን ሲሰሙ፥ ከዚያም ስለ ሶርያዊው ንዕማን ሲጨምርባቸው፥ ልባቸው ነደደ (ሉቃ. 4፥22-29)። ትምህርትን ደስ ብሎት የሚሰማ ጉባኤ በመካከሉ ስላለችው ችግረኛ ሲጠየቅ እንዲህ ሊለወጥ ይችላል። የምንጽፈው ነገርም እንዲሁ የሚያስቈጣን ይሆን ይሆናል።

ባለፈው ዓመት በጾመ ፍልሰታ፥ ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲሰናበት፥ አንዲት ሴት ቀርባ መስቀል ተሳለመችና፦

«አባቴ፥ ይፍቱኝ፤ ቀኖናም ይስጡኝ፤ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው ረገምሁ» አለችን።

«ማንን ረገምሽ፥ ልጄ?» ብንላት፦

«የባሌን ማመልከቻ የመለሰብኝን ጸሐፊ» አለች።

ይህን ስንጽፍ የንስሐን ምስጢር መግለጣችን አይደለም። ንግግሩ በዐውደ ምሕረቱ ዳር በሰው ፊት የተደረገ ነው፤ እርስዋም ለሌሎች የሚጠቅም ከሆነ እንድንጽፈው ፈቅዳለች። ስምዋን፥ ደብርዋንና የሄደችበትን መሥሪያ ቤት ግን ትተናል።

ባልዋ የቀድሞው ሠራዊት ወታደር ነበረ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. በአፍአበት በተደረገው ጦርነት በጀርባው ላይ ቈሰለ፤ ከቍስሉ ጥቂት ካገገመ በኋላ ቀላል ሥራ እንዲሠራ ወደ ንብረት ክፍል ተመደበ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን እርሱም እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቹ በእግሩ ወደ አገሩ ገባ። ለጥቂት ዓመታት የዘበኝነት ሥራ ሠራ፤ በኋላ ግን በአከርካሪው አጠገብ የቀረው ፍንጣሪ እግሮቹን እያደነዘዘ ሄዶ ከአልጋ ላይ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከመቂ የሚመጣውን ሽንኵርትና ቲማቲም በጕልት እየሸጠች፥ እያገላበጠችው፥ እያጠበችው፥ ሌሊት ከጦር ሜዳ ያለ እየመሰለው ሲጮኽ እጁን ይዛ እያረጋጋችው የኖረች እርስዋ ናት። በመጨረሻ ሰዎች ሲመክሩዋት በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚሰጠውን የጡረታ አበል በስሙ ጠየቀች፤ ሁለት ዓመት ከተመላለሰች በኋላም ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም ተባለች። ጉዳቱ በግዳጅ ላይ መድረሱን የሚያሳይ የክፍሉ ማስረጃ የለም፤ ሕመሙም ከዕድሜ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ደግሞም ጊዜው አልፏል። በራጁ ላይ ብረቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ነገር ግን በየትኛው ቀንና በየትኛው ስፍራ እንደ ገባ ብረቱ አይናገርም።

እኛስ ምን አልናት? መሳሳታችንን ሳንሸሽግ እንናገር። «ታገሺ፤ ዋጋሽ በሰማይ ነው» አልናት። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወደ አፋችን ፈጥኖ የመጣው ከእኛ ምንም የማይጠይቅ ስለ ነበረ ነው። እርስዋም ነጠላዋን አስተካክላ፦

«መታገሡንስ ታግሻለሁ፥ አባቴ፤ አሁን የቸገረኝ ይህን ወረቀት አንብቦ የሚያስረዳኝ ሰው ነው» አለችን።

በዚህ ጊዜ አፈርን። የእምቢታውን ደብዳቤ ከአንድ ወር በላይ በመቀነትዋ ይዛው ስትዞር፥ በየሳምንቱ ቅዳሴ የምታስቀድስበት ደብር ማንበብና መጻፍ በሚያውቁ ካህናትና ዲያቆናት የተሞላ ነበረና።

ስለ ቍጣዋ አስቀድመን እንናገር፥ ቀኖና የጠየቀችው ስለ እርሱ ነውና። መርገም ኃጢአት ነው፤ ስለ እርሱም ስግደት ሰጥተናታል። ነገር ግን የተከለከሉትን መብት ደጋግሞ መጠየቅና የተበደሉትን በደል በደል ብሎ መጥራት መርገም አይደለም። ጌታችን ሳይታክቱ መጸለይ እንዲገባ ሲያስተምር ምሳሌ አድርጎ ያቀረበልን ዝም ብላ የተቀመጠችውን ሴት ሳይሆን፥ እግዚአብሔርን የማይፈራውን ሰውንም የማያፍረውን ዳኛ በመመላለስ ያሰለቸችውን መበለት ነው (ሉቃ. 18፥1-8)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ በ3ኛው ክፍል የመበለቶችን ነገር በሰፊው ያትታል፤ ድህነትና እርጅና ምላሳቸውን እንደሚያስመርረው፥ ካህኑ ግን ምሬታቸውን በደል አድርጎ ሳይቈጥር ሁሉን በርኅራኄ መሸከም እንዳለበት ያስተምራል። የከበደ ቃል የሚናገረውን ችግረኛ ስለ ንግግሩ ከገሠጽነው ሁለት ጊዜ እንበድለዋለን፤ አንድ ጊዜ ባለመርዳታችን፥ አንድ ጊዜ ጩኸቱን በመከልከላችን።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ይህች ሴት መበለት አይደለችም፤ ባልዋ ሕያው ነው፤ ኑሮዋ ግን የመበለት ኑሮ ነው። ባሉት የጡረታ አዋጆች ሚስት በራስዋ ስም ባለ መብት የምትሆነው ባልዋ ከሞተ በኋላ «ተተኪ» ተብላ ነው፤ ያን ጊዜ ከአበሉ ከመቶ 50 ይታሰብላታል። ባል በሕይወት ሳለ የሚመረመረው የእርሱ አካል ብቻ ነው፤ የሐኪሞች ቦርድ ተሰብስቦ ጉዳቱ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ይወስናል። ለእርሱ ሲባል የተሰበረው የእርስዋ ወገብ፥ ያላገኘችው እንቅልፍ የሚጻፍበት ዐምድ በቅጹ ላይ የለም። የእርሱ መብት ካልታወቀም ነገ የእርስዋ ተተኪነት ባዶ ስም ይሆናል፤ ባል ያልያዘውን ሚስት አትወርስምና። እንግዲህ አንዲት እምቢታ የሁለት ሰው እምቢታ ናት።

በዚህ ነገር ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ዝም አላለም። ዳዊት ገና ስደተኛ ሳለ አማሌቃውያን ጺቅላግን አቃጥለው ሴቶችንና ልጆችን ማርከው ወሰዱ፤ እርሱም ከ600 ሰዎች ጋር ተከተላቸው። በቦሦር ወንዝ በደረሱ ጊዜ 200ው ከድካም የተነሣ ወንዙን መሻገር ስላልቻሉ ከዕቃው ዘንድ ቀሩ፤ 400ው ሄደው ድል አድርገው ምርኮውን ሁሉ አስመለሱ። ሲመለሱም ከሄዱት መካከል ክፉዎቹ እነዚህ ከእኛ ጋር አልሄዱምና ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ብቻ ይውሰዱ፥ ከምርኮው ግን አንሰጣቸውም አሉ። ንግግራቸው ላይ ላዩን ሲታይ ፍርድ ይመስላል፤ ያልተዋጋ ለምን ይካፈላል? ዳዊት ግን አልተቀበላቸውም። ድሉ የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ የሰይፋቸው ዋጋ አለመሆኑን አስታውሶ፥ ወደ ሰልፍ የወረደውና ከዕቃው ዘንድ የተቀመጠው ድርሻቸው አንድ እንዲሆን ፈረደ። መጽሐፉም ይህ ፍርድ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእስራኤል ሥርዐትና ሕግ ሆኖ እንደ ኖረ ይነግረናል (1ኛ ሳሙ. 30፥1-25)። ንጉሡ ገና ዘውድ ሳይጭን ካወጣቸው ሕጎች አንዱ ስለ ጦረኛ ድርሻ መሆኑን ልብ እንበል።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ሠራዊት ውስጥ ከዕቃው ዘንድ የተቀመጠው ማነው? ስንቁን ያሰናዳችው፥ ቤቱን የጠበቀችው፥ ልጆቹን ያሳደገችው፥ በመጨረሻም የተመለሰውን ቍስለኛ የተቀበለችው ሚስት ናት። ጦርነቱ ለሁሉ ሰው በ1983 ዓ.ም. ሲያልቅ በእርስዋ ጓዳ አላለቀም። የዳዊት ፍርድ ለእነዚያ 200 ወንዶች ብቻ የተፈረደ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ፥ ሕጉ የቆመው በወንድነታቸው ላይ ሳይሆን ዕቃ በመጠበቃቸው ላይ መሆኑን ይመልከት።

በአገራችን የወታደር ዋጋ በየዘመኑ በልዩ ልዩ መንገድ ሲከፈል ኖሯል። በቀድሞው ዘመን ወታደር የሚኖርበት ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር፤ በዚህ በስምጥ ሸለቆና በአርሲ በኩል ያ መሬት አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ርስት ስለ ነበረ የአንዱ ዋጋ የሌላው ዕንባ ሆኖ ነበር፤ ይህንም ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በኋላ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ወጣ፤ ከእርሱም በኋላ አዋጅ ቁጥር 345/1995፥ 714/2003 እና 1267/2014 ተከታትለው ወጡ። እነዚህ አዋጆች የጡረታውን ነገር ከጌታ ችሮታ አውጥተው መብት አደረጉት። ከሶማልያ ጦርነት በኋላም በጦር ሜዳ የወደቁት ሰዎች ልጆች ከዝዋይ ወደ ደቡብ በአላጌ በተቋቋመው የሕፃናት አምባ እንዲያድጉ ተደርጓል፤ ይህም መንግሥት ሲፈልግ ከወታደሩ ጀርባ ያለውን ቤተ ሰብ ማየት እንደሚችል ያሳያል። በ1983 ዓ.ም. ግን ከ450,000 በላይ የሆነ ሠራዊት በአንድ ጊዜ ተበተነ። ለቀድሞው ሠራዊት አባላትና ለጦር አካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተሠይሞ ብዙ ሰው ወደ ቤቱ መልሷል፤ ሆኖም ኮሚሽኑ ለጊዜው የተቋቋመ ስለ ነበረ ሥራውን ጨርሶ ተዘጋ። ቍስል ግን ለጊዜው አይደለም። በዚያን ዓመት በእግሩ ያነከሰው ሰው ከ15 ዓመት በኋላ ሽባ ሲሆን የጦር ክፍሉ ፈርሷል፥ አዛዡ ሞቷል፥ መዝገቡም የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም።

እኛ ካህናት ይህን ሰምተን ነገሩ የመንግሥት ነው፥ ቤተ ክርስቲያንን አይመለከትም ልንል እንችላለን። ይህን እንዳንል የሚከለክለን የዲቁና መጀመሪያ ነው። በኢየሩሳሌም ምእመናን በበዙ ጊዜ የግሪክ ቋንቋ ከሚናገሩት ወገን ማንጐራጐር ተነሣ፤ መበለቶቻቸው በየዕለቱ ከሚታደለው ድርሻ ይታለፉ ነበርና (የሐዋ. 6፥1-6)። ልብ እንበል፤ አቤቱታው የቀረበው በቄሣር ላይ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ላይ ነው። ሐዋርያትም ታገሡ ብለው አልመለሱአቸውም፤ ለምን ታንጐራጕራላችሁ ብለውም አልገሠጹም። ጉባኤ ጠርተው፥ መልካም ምስክርነት ያላቸው 7 ሰዎች እንዲመረጡ አድርገው፥ እጃቸውን ጭነው ሾሙአቸው። የተመረጡትንም ስማቸውን ብንመለከት እስጢፋኖስ፥ ፊልጶስ፥ ጵሮኮሮስ፥ ኒቃሮና፥ ጢሞና፥ ጰርሜና፥ ኒቆላዎስ፤ ስማቸው ሁሉ የግሪክ ስም ነው። ድርሻው የተጓደለበት ወገን ቋንቋውን በሚያውቁ ሰዎች እጅ ድርሻውን እንዲያገኝ ተደረገ። እንግዲህ ዲቁና ጽዋ ከመያዙና ወንጌል ከማንበቡ አስቀድሞ ከድርሻ ስለ ተከለከሉ ሴቶች አቤቱታ የተወለደ ሹመት ነው። ዲያቆን የተከለከለችን ሴት ወረቀት ሲያነብላት ከአገልግሎቱ አልወጣም፤ ወደ አገልግሎቱ ምንጭ ተመለሰ እንጂ።

ስለዚህ በ1965 ዓ.ም. በወጣው በቃለ ዓዋዲ መሠረት የተቋቋመው የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ነገሩን ተመልክቶ አንድ ዲያቆን መደበላት። እርሱም ደብዳቤውን ባነበበ ጊዜ፥ እምቢታው የነገሩ መጨረሻ እንዳልሆነ አስረዳት፤ በመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ያልተስማማ ሰው ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማመልከት ይችላልና። ይግባኝ ግን በተወሰነ ቀን ውስጥ የሚቀርብ ነው፤ ቀኑም ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በመቀነት ተቋጥሮ የኖረ ወረቀት ምን ያህል እንደሚጐዳ ያን ጊዜ ተረዳን።

የጋብቻው ማስረጃ ከእኛ ዘንድ ተገኘ። በአገራችን የልደት፥ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ለተጋቡት ብዙዎች የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ትልቅ ምስክር ነው፤ የቤተሰብ ሕጉም በሃይማኖት ሥርዐት የተፈጸመውን ጋብቻ ይቀበላል። በደብሩ ዕቃ ቤት ያለውን አሮጌ መዝገብ ብንገልጥ ግን ሁለት ቅጠል በምስጥ ተበልቶ አገኘነው። የእርስዋ ስም ያለበት ቅጠል እግዚአብሔር ጠብቆት ተርፏል፤ በተበሉት ቅጠሎች ላይ ተጽፈው የነበሩት እነማን እንደ ሆኑ አናውቅም። ይህን የሚያነቡ አስተዳዳሪዎች መዝገባቸውን ዛሬውኑ ገልጠው ይመልከቱ፤ ማኅተም ያለበት ግልባጭ ለጠየቀ ሰውም ሳይመላለስ ይስጡት።

የቍስሉ ማስረጃ ከባድ ነበረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያ ዘመን በዚያ ግንባር የነበረ ሰው ካለ እንዲመጣ ለሕዝቡ ነገርን። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ከወንጂ፥ አንድም ከዝዋይ፥ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። የወንጂው ሰው ቍስለኛውን በቃሬዛ ካነሡት አንዱ ነበረ። ወደ ቤት ገብቶ በአልጋው አጠገብ በቆመ ጊዜ በሽተኛው በድምፁ ዐወቀው፤ ሁለቱም ብዙ ሰዓት ምንም አልተናገሩም። ሴቲቱም ቡናውን አፍልታ ከሰጠቻቸው በኋላ ወደ ውጭ ወጣች።

ሦስተኛም ሰው መጥቶ ነበር፤ ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ ደስ ባለን። እርሱ በዚያ ግንባር አልነበረም፤ ነገር ግን ብዙ ምስክር ይጠቅማልና ልመስክርልሽ፥ አበሉም ሲወጣ ታስቢኛለሽ አላት። ከመካከላችንም አንዳንዶች ለችግረኛ ሲባል ምን አለበት የሚል አሳብ ነበራቸው። እርስዋ ግን፦

«ባሌ በእውነት የቈሰለ ሰው ነው፤ በሐሰት ቃል ቢከፈለው ቍስሉም ሐሰት ይሆንብኛል» ብላ መለሰችው።

በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ስንት ዓመት አስተምረናል፤ እንዲህ ተተርጕሞ ግን አልሰማነውም። እግዚአብሔር በሙሴ እጅ በሰጠው ሕግ መበለትንና ድሀ አደግን ማስጨነቅን በከለከለበት አንቀጽ አጠገብ፥ ድሀውን እንኳ ድሀ ስለ ሆነ ብቻ በፍርድ ማድላትን ከልክሏል (ዘጸ. 22፥22፤ 23፥3)። የጡረታው ገንዘብ ከብዙ ሠራተኞች ደመወዝ የተቈረጠ፥ የሌሎችም መበለቶች እንጀራ ነው፤ በሐሰት የተወሰደ አበል ከእነርሱ ማዕድ የተነሣ ነው። ማስረጃ የሚጠይቀው ጸሐፊ ስለ መጠየቁ አይወቀስም። በሐሰት ምስክር የበለጸጉ ሰዎች በዝተው እውነተኛውን ሰው በር ላይ እንዲቆም ካደረጉት የእኛም ዝምታ በዚያ ውስጥ አለበት።

ለጸሐፊውም ለሹሙም ግን የምንለው አለ፤ ብዙዎቻቸው የመንፈስ ልጆቻችን ናቸውና። የጐደለውን ሁሉ በአንድ ቀን ንገሩአት፤ ዛሬ ይህ ጐድሏል፥ በሚቀጥለው ወርም ያ ጐድሏል እያላችሁ ከጕልትዋ አታስነሡአት፤ ለእርስዋ አንድ ቀን መቅረት አንድ ቀን ጦም ማደር ነው። እምቢም ስትሉ ምክንያቱን ቀኑን ጠቅሳችሁ በምትገባት ቋንቋ ጻፉላት፤ ይግባኝ ማለት እንደምትችልም አትሸሽጉአት። ነቢዩ ኢሳይያስ የድሆችን ፍርድ በሚያጣምሙ ጸሐፊዎች ላይ ወዮታን ሲናገር (ኢሳ. 10፥1-2) ሰይፍ ስለ ያዙት ሳይሆን ብርዕ ስለ ያዙት መናገሩን አስተውሉ።

ይግባኙ ቀርቧል። የሁለቱ ሽማግሌዎች ቃል፥ ራጁ፥ የጋብቻው መዝገብ ግልባጭና በአሥመራ የታከመበት አንድ የደበዘዘ ወረቀት ተያይዘዋል። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚፈረድ አልታወቀም። ወደ አዲስ አበባ ለቀጠሮ በሄደችበት ቀን ዲያቆኑ አብሮአት ሄዷል፤ ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም በሽተኛውን ሲያገላብጡና ውኃ ሲያጠጡ ውለዋል። ማታ ስትመለስ ከልጆቹ አንዱ፦

«እናታችን፥ ይህን ብቻዎን እንዴት ቻሉት?» ብሎ ጠየቃት። እርስዋም ጫማዋን እያወለቀች፥ ሁለተኛው ቀጠሮ ከጥምቀት በኋላ መሆኑንና በዚያን ቀንም መምጣት ይችሉ እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው።